ሐዘንተኛ እየሳቅሁ የጨበጥኩ ዕለት

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ የመስቀል ሰሞን፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን አዲስ ሰው ልጨብጥ እጄን በዘረጋሁ ቁጥር ትዝ ትለኛለች።

እኔና አራት ጎረቤቶቼ የበግ ፀጉር እየፈተልን ባና እናሠራለን፤ ያው ወፍራሙን የአገራችንን ብርድ ልብስ። ያን ሰሞን ሃያ ሁለት ባና ቤቴ ተደርድሮ ገዢ አጥቷል። ሴቶቹ በየቀኑ ብቅ እያሉ «እህ፣ ተገኘ?» ይሉኛል። ካልተሸጠ ሥራውን ልንተወው ነበር።

ታዲያ አምራቾችና ገዢዎች የሚተዋወቁበት ስብሰባ እንዳለ ሰማሁ። ከአዲስ አበባ ለእንግዳ ማረፊያዎች ዕቃ የምትገዛ ሴት እንደምትመጣም ነገሩኝ። እኔ ወሬ የሚቸግረኝ ሰው አይደለሁም። ባለቤቴ እንኳ «አንቺ ጨው ልትገዢ ሄደሽ የሻጩን የሠርግ ታሪክ ይዘሽ ትመጫለሽ» ይለኛል። ለንግድ ግን እንዲህ አይሆንም ብዬ ፈራሁ። ሳምንቱን ሙሉ በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ተማርኩ፤ ዓይን ዓይኑን እይ፣ ፈገግ በል፣ ጠበቅ አድርገህ ጨብጥ፣ ሥራህን በአንድ ደቂቃ ተናገር። መስታወት ፊት ቆሜ ሸመደድኩት።

በዕለቱ ገዢዋን አሳዩኝ። ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ ጥርሴን ሁሉ ገልጬ ጨበጥኳትና የሸመደድኩትን አወረድኩት። «ጥሩ ነው» አለች። አለቀ።

ወደ ቦታዬ ስመለስ፣ ከአንኮበር ማር ይዘው የመጡ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጠው ነበርና ክንዴን ቆንጠጥ አደረጉኝ።

«ምን ነካሽ ልጄ? ሐዘንተኛ ፊት እንዲህ ይሳቃል?»

ዞሬ ገዢዋን አየኋት። ቀሚሷ ጥቁር፣ ሻሿ ጥቁር፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ዓይኗን ብቻ ሳይ ልብሷን አላየሁም። እኛ ዘንድ የማያውቁትን ሐዘንተኛ እንኳ «እግዜር ያጥናሽ» ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው። ፊቴ ጋለ።

ምሳ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ እህሉን ዝም ብላ ስታገላብጥ አየኋት። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ለቅድሙ ይቅር በይኝ፣ አላየሁም። ማን ሞቶብሽ ነው?»

«እናቴ» አለች። «አርባዋ ገና አልወጣም።» ቀጥላም «ከጠዋት ጀምሮ ይኼ ሁሉ ሰው ጨበጠኝ፤ የጠየቀኝ ግን የለም» አለችኝ።

ስለ እናቷ አወራችኝ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱን ልክ ልኩን ይነግሩትና፣ ሲወርዱ ደግሞ «እደግ፣ ተመንደግ» ብለው መርቀውት ይሄዱ ነበር አሉ። ሳቀች፤ ወዲያው እንባዋ መጣ። አልዋሽም፣ መሀል ላይ ባናው ትዝ ብሎኝ ነበር። ምላሴን ነክሼ እሷኑ አዳመጥኩ።

ልንነሳ ስንል ዓይኗን ጠርጋ «ቅድም የነገርሽኝን አልሰማሁሽም፤ ልቤ እዚህ አልነበረም። ምንድን ነበር የምትሠሪው?» አለችኝ። አሁን በራሴ አፍ ነገርኳት፣ በጉ ከሚሸለትበት ጀምሬ። ከአንድ ደቂቃ በጣም በለጠ። በማግስቱ ቤቴ መጥታ ባናዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰችና አሥራ አምስቱን ወሰደች።

ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ያቺ የአንኮበር እናት ባይቆነጥጡኝ ኖሮ ምን እሆን ነበር እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ። ያን ዕለት ባዶ እጄን ቤቴ ገብቼ፣ ለጎረቤቶቼ «ገዢዋ ኩራተኛ ናት፣ ሰው አታናግርም» ብዬ አወራባት ነበር።