የወተት ጥርስ ነው ብዬ

እንጦጦ አናት ላይ ባለ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት ከፊት ወንበር አንድ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ የምትውል ልጅ ነበረችኝ፤ ሰባት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን አፏን አስከፍቼ በስልኬ መብራት ሳየው፣ ታችኛው መንጋጋዋ መጨረሻ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ጥቁር ቀዳዳ አለች። እናቷን አስጠራሁ። ከተራራው ጀርባ ገብስና ድንች የምታመርት፣ በዕድሜ የምታንሰኝ ሴት ናት። ሐኪም ዘንድ ልውሰዳት ወይ አለችኝ። እኔ ደግሞ አፌን ሞልቼ፣ የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል፣ አዲስ ይበቅላል አልኳት። ልጅቷ አጠገባችን ቆማ ትሰማ ነበር። አላውቅም ብል ምን ነበረበት?

ከሁለት ወር በኋላ ጉንጯ አበጠ። እናቷ ትምህርት ቤታችን አጠገብ ወዳለው ጤና ኬላ ብትወስዳት ማስታገሻ ሽሮፕ ሰጥተው፣ የጥርስ ሕክምና እዚህ የለም፣ ታች ከተማ ውረጂ ብለው ወረቀት ጻፉላት። ወረደች። ታች ያለው ጤና ጣቢያ የጥርስ ወንበር አለው፤ ሐኪሟ ግን የምትመጣው ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ነው። እሺ ብላ ማክሰኞ ተመልሳ ሄደች። ለካ የተራ ቁጥር የሚታደለው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። የመጀመሪያውን ታክሲ ይዛ ስትደርስ አልቋል። በሚቀጥለው ማክሰኞ እንደ ምንም ቁጥር አገኘች፤ መብራት ጠፋ።

በሦስተኛው ማክሰኞ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ አብሬያት ሄድኩ። እንደ ልማዱ ቁጥሩ አልቋል። ካርድ ክፍል ያለውን ሰውዬ፣ ከተራራ የሚወርድ ልጅ እንዴት አድርጎ ነው አሥራ ሁለት ሰዓት እዚህ የሚደርሰው አልኩት።

«በጠዋት መምጣት ነው» አለኝ ቀና እንኳን ሳይል።

ደሜ ፈላ። ጅቡ ሳይገባ ልጅ አዝላ ጫካ ታቋርጥ ወይ ስለው፣ ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው፣ ለማንም አናዳላም አለኝ። እኔን ያቃጠለኝም ይኸው እኩልነቱ ነው። ከጤና ጣቢያው ጋር አጥር ለአጥር የሚኖረው ሰውና ከተራራ የምትወርደው ልጅ እኩል ይሰለፋሉ፤ ቁጥሩን ሁልጊዜ የሚወስደው ግን ባለ አጥሩ ነው። ከሰውዬው ጭንቅላት በላይ «የልጆችዎን ጥርስ በየስድስት ወሩ ያስመርምሩ» የሚል ፖስተር ተለጥፏል። እኛ በሦስት ሳምንት አንዴ መታየት አቅቶናል፣ እሱ በየስድስት ወሩ ይለኛል።

ሌላ መላ ስላጣሁ፣ በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ዕለት እናትና ልጅን ለጤና ጣቢያው ቅርብ በሆነው ሲግናል ሰፈር፣ እኔ ቤት አሳደርኳቸው። በነጋታው ሦስት ቁጥርን ይዘን ገባን።

ሐኪሟ ወጣት ናት። በትንሿ መስተዋት ጥቂት አየችና የልጅቷን ዕድሜ ጠየቀች። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች።

«ይሄ እኮ የወተት ጥርስ አይደለም።»

የስድስት ዓመት መንጋጋ ይባላል አለች፤ ምንም ጥርስ ሳይወድቅለት ከኋላ ዝም ብሎ ስለሚበቅል ሰው ሁሉ የወተት ይመስለዋል፤ ከሄደ ግን ምትክ የለውም። ቀዳዳው ትንሽ ሳለ ቢመጣ በአንድ ቀን ሞልታው ትሸኛት ነበር። አሁን ወይ ትልቅ ሆስፒታል ለወራት ቀጠሮ ይጠበቅለታል፣ ወይ ይነቀላል።

«ያኔ ለምን አላመጧትም?» አለቻት።

እናቷ ወለሉን እያየች «ሳላውቅ ቀርቼ ነው» አለች። እኔን ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ ትንፍሽ አላልኩም። አንድ ወር ሙሉ ካርድ ክፍሉን ስረግም፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት የበላሁት እኔ መሆኔ ያን ጊዜ ገባኝ። አፈርኩ። ልጅቷ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አልነበራትምና እናቷ ይነቀል አለች።

የተነቀለውን ጥርስ በፋሻ ጠቅልለው ለልጅቷ ሰጧት። እንጦጦ እስክንደርስ ከእጇ አልለቀቀችውም። ትምህርት ቤቱ ጋ ስንደርስ ወደ መማሪያ ክፍላችን ሮጠችና፣ የወተት ጥርሱ የወለቀ ልጅ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ጣሪያው ላይ ወረወረችው። ቆርቆሮው ኳ አለ። ደስ ብሏት ተመለሰች።

«ቲቸር፣ አዲሱ መቼ ነው የሚበቅለው?» አለችኝ፤ አፏ ገና በጥጥ እንደተሞላ ነው።

እናቷን አየኋት። እሷ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ልጅቷ ፊት በርከክ ብዬ፣ ይሄኛው አይበቅልም አልኳት።

ወደ ጣሪያው ቀና አለች።

«ይበቅላል ብለው ነበር እኮ።»

«ብዬ ነበር» አልኳት።