የአድሚራሉ መልሕቅ ማንሻ

እህቴ ያገባችው የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሰው ግቢ እየገባ ቆጣሪ ላይ ሲያጎነብስ ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ ከባሕር ጋር ያለው ዝምድና ይኸው ነው። ዋና አይችልም። አድሚራል ያልኩት እኔ ነኝ። ላበሽቀው ብዬ ነበር፣ እሱ ግን ወደደው።

ሥራው የመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ነው። መዳፍ የማትሞላ የፕላስቲክ የጦር መርከብ ይገዛና፣ ፋብሪካው የሠራውን ሁሉ እየነቀለ እንደገና ይሠራዋል። መድፎቿን ቆርጦ ጥሎ በምትካቸው የእህቴን የስፌት መርፌ ይተክላል። የምሰሶዋ ገመድ የእህቴ ጸጉር ነው። «ለመሆኑ ስለ ጸጉርሽ አመስግኖሽ ያውቃል?» ብላት፣ «ውፍረቱ ልክ ነው ብሎኛል» አለችኝ።

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ባለፈው ወር የመነጽሯ አንድ እጀታ ወለቀ፤ ብሎኑም የት እንደገባ ጠፋ። መነጽር ሰሪው «ለዚህ አሮጌ የሚሆን ብሎን የለኝም» ብሎ መለሳት። አልጋው ሥር በሆዷ ተኝታ ስትዳብስ አድሚራሉ ባትሪ ይዞ ያበራላት ነበር፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ እጀታውን በፕላስተር አሰረችው፤ ባጎነበሰች ቁጥር መነጽሩ ጭኗ ላይ ይወድቃል። አንድ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች። ትልቋ ደንበኛዋም «ቀሚሱ ሰኞ ካልደረሰ ጨርቄን ወስጄ ለሌላ እሰጣለሁ» አለቻት።

«ያ ሁሉ መሣሪያ እጅህ ላይ እያለ አንድ ነገር ብታበጅልኝ ምናለ?» አለችው።

«ከቅዳሜው ጦርነት በኋላ» አላት፣ ከአጉሊ መነጽሩ ቀና ሳይል።

ቅዳሜ ከሰዓት ተቀናቃኙ ፋርማሲስት መርከቡን በመድኃኒት ካርቶን ይዞ መጣ። እህቴ ጨርቅ የምትቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ሰማያዊ አንሶላ ዘረጉና ባሕር አደረጉት። እኛ ጥግ ላይ ተጣብቀን ተቀመጥን፤ እኔ መርፌው ላይ ክር አስገባላታለሁ፣ እሷ በዳበሳ ትሰፋለች። የጨዋታውን ሕግ ያወጣው አድሚራሉ ነው፦ በመርከቧ ላይ የማይታይ ነገር በጨዋታውም የለም። ባለፈው ጊዜ የፋርማሲስቱ መድፍ መንገድ ላይ ተነቅሎ ቢጠፋ፣ በዚህ ሕግ መተኮስ ከልክሎ አሸንፎታል። ሰውዬው እስካሁን ቂሙን አልረሳም።

ሁለቱ መርከቦች ወደብ ላይ መልሕቅ ጥለው ቆመዋል። ፋርማሲስቱ ርቀት የሚለካበትን ማስመሪያ አስቀምጦ ወደ አድሚራሉ መርከብ ጎንበስ አለ።

«ይህን የመልሕቅ ማንሻ በምን ሠራኸው? ጥርሱ ሳይቀር ይታያል እኮ።»

አድሚራሉ ዝም ማለት ይችል ነበር። የሚያደንቀው ሰው ሲያገኝ ግን አፉ አያርፍም። «ብሎን ነው» አለ። «አልጋ ሥር ነው ያገኘሁት። እንዲህ ያለ ጥርስ የትም ብትዞር አታገኝም።»

እህቴ ጨርቁን አስቀመጠች። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ተነሥታ ሄደች፣ አጉሊ መነጽሩን ከባሏ እጅ ተቀበለችና ብሎኑን አየች። ከዚያ የራሱን ወረንጦ አነሣች።

«ምን ልታደርጊ ነው? ቀለሙ ገና አልደረቀም።»

ብሎኑ ቀጭ ብሎ ተነቀለ። በትንሿ መፍቻው ጠምዝዛ እጀታውን አሰረች፣ መነጽሯን አደረገችና ወደ ቀሚሱ ስፌት ተመለሰች።

ፋርማሲስቱ መርከቧን ከሁሉም አቅጣጫ ተመለከታት። «የመልሕቅ ማንሻ አይታየኝም» አለ። «እንግዲህ መልሕቋን ማንሣት አትችልም ማለት ነው።»

«ወንድሜ፣ አሁን ያየኸውን ነገር…»

«ሕጉ የአንተ ነው።»

ፋርማሲስቱ ሦስት ጊዜ ዳይስ እየወረወረ ተኮሰ፤ መርከቧ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ ሰጠመች። አድሚራሉ ወደ እኔ ዞረና «ከጦርነቱ በኋላ ብያት ነበር እኮ» አለ፣ እኔ የምፈርድለት ይመስል።

ቀሚሱ ሰኞ ጠዋት ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ልጠይቃት ስሄድ አድሚራሉ መስኮቱ ሥር ማንሻ የጎደላትን መርከብ ይዞ ተቀምጧል። እህቴ ስፌቷ ላይ ናት፤ ብሎኑ ላይ የመርከቧ ግራጫ ቀለም አሁንም አለ።

«ለመሆኑ» አላት ቀስ ብሎ፣ «ስትተኚ መነጽርሽን የት ነው የምታስቀምጪው?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እህቴ መነጽሯን እንዳደረገች ነው የምትተኛው።