አባባ የፈረሙባት ወረቀት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኳን ይዛ መጣችና ከጎኔ ሶፋው ላይ ተዘረጋች። ሙዚቃ ልማር ብላ ተነሥታለች። «ፓፓ፣ ብድሩን ስንት ዓመት ከፍዬ እጨርሳለሁ? አስላልኝ» አለችኝ፣ እንደ ልማዷ በስዊድንኛ። ዕድሜ ልኬን በኮምፒውተርና በሂሳብ እንጀራ የበላሁ ሰውዬ «ራስሽ አስዪው» ብዬ ተነሣሁ። ዕቃ ላጥብ ብዬ ኩሽና ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩ፤ ዕቃው ለካ ታጥቦ አልቋል። ልጅቷ ምን ታውቃለች! እኔ የሰው የትምህርት ዕዳ አሰላሁ ብዬ የሠራሁት ሥራ እስከ ዛሬ አንገቴን ያስደፋኛል።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ሃግሴትራ፣ በስዊድን ዋና ከተማ የአረንጓዴው ባቡር መጨረሻ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ኮምፒውተር እማራለሁ። ታናሼ ሰናይት አሥራ ዘጠኝ ሞልቷታል። አባባ ሆስፒታል ኩሽና ውስጥ ዕቃ ያጥባሉ። ስዊድንኛቸው ለሥራና ለገበያ ይበቃል፤ ደብዳቤ ሲመጣ ግን የእኔ ጉዳይ ነው። የቤት ኪራዩን፣ የግብሩን፣ የሐኪም ቀጠሮውን ሁሉ የማነበው እኔ ነኝ። አባባ መነጽራቸውን አድርገው መጀመሪያ ወረቀቱን በአክብሮት ያዩታል፤ ከዚያ አፌን ያያሉ። ከአፌ የወጣውን ደግሞ አንድም ቀን ተጠራጥረው አያውቁም።

የዚያን ዓመት ሰናይት ሁለት ቦታ አለፈች፤ አንዱ የነርስ ትምህርት፣ ሌላው የሥዕል ትምህርት ቤት። እስከ ዓርብ አንዱን ምረጪ ተባለች። እሷማ ልቧ ሥዕሉ ላይ ነው፤ ጣቶቿ ከቀለም ነጽተው አያውቁም። እውነቱን ልናገር፤ ልጅ ሆኜ እኔም ስሥል ነበር የምውለው። የበኩር ልጅ ነኝ፣ ቤተሰብ ይጠብቀኛል ብዬ ኮምፒውተር ገባሁ። ማንም አላስገደደኝም እኮ! ግን እሷ ማን ስለሆነች ነው ደስ ያላትን የምትማረው የሚል ነገር ውስጤን ይበላኝ ጀመር። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት አወጣሁና የነርስን ደመወዝ በአንድ በኩል፣ የአምስት ዓመት ብድርን በሌላ በኩል ጻፍኩ። በሰዓሊ ገቢ ቦታ ላይ ዜሮ አደረግሁ። ማንን ጠይቄ? ማንንም። እኔ ነኝ ያለ አዋቂ!

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሰናይት ቬሊንግቢ ዳቦ ቤት ሥራ ላይ ናት፣ እናቴ ቤተ ክርስቲያን። ሁዳዴ ስለነበር አባባ ምስር ወጣቸውን በዚያ በደረቁ የስዊድን ዳቦ እየቆረጠሙ ይበላሉ። ውጪ በረዶው ቀልጦ፣ እንዳያንሸራትት መንገድ ላይ የተበተነውን ጠጠር የሚጠርገው መኪና ያጓራል። የተማሪ ብድሩን ደብዳቤ አቀበሉኝ። ደብዳቤው የሚለው ግልጽ ነው፤ ከፊሉ እርዳታ ነው፣ ቀሪው ብድር ነው፣ ብድሩም በገቢዋ ልክ እየተከፈለ ይሄዳል፣ ተጠያቂዋም ተማሪዋ ብቻ ናት።

«አባባ፣ ዋስ ይፈልጋል» አልኳቸው። «ሠርታ መክፈል ካቃታት ዕዳው እርስዎ ላይ ይመጣል።»

ዋስ የሚል ነገር ወረቀቱ ላይ የለም። አባባ ግን አገር ቤት ሳሉ ለጓደኛቸው ዋስ ሆነው ደመወዛቸው ለዓመታት ተቆርጧል። የሚያስደነግጣቸውን አውቄ ነው የመረጥኩት። ያንን የሂሳብ ወረቀቴንም አስከተልኩ።

ማኘካቸውን አቆሙ። «ሥዕል ተምራ ምንም አታገኝም?»

«ምንም።»

«ነርስ ብትሆንስ?»

«በማግስቱ ሥራ አላት።»

ዳቦውን ሳህኑ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ «ልጅቷ የምትፈልገው ግን ሥዕሉን ነው አይደል?» አሉኝ።

«ነው፣ ግን...»

«የት ጋ ነው የምፈርመው?»

እንቢ እንዲሉ ነበር የፈለግኩት። ያኔ «ተሳስቻለሁ፣ እስቲ ደግሜ ላንብበው» ማለት እችል ነበር። አፈር ልብላና፣ ከደብዳቤው ግርጌ ባዶ ቦታ ፈልጌ በጣቴ አሳየኋቸው። እጃቸውን ታጥበው፣ በፎጣ አደራርቀው፣ ስማቸውን ከነአባታቸው በአማርኛ ጻፉ። «ለሷ እንዳትነግራት። ልቧ ሳይከፈል ትማር» አሉኝ። ወረቀቱን እኔ ልላከው ብዬ ወስጄ ደበቅኩት።

ሰናይት ሥዕሉን ገባች። አባባ ደግሞ በመስከረም ኪስታ በሚባለው የቢሮዎች ሰፈር ጽዳት ያዙ፤ ቅዳሜና እሑድ። እኒያ ቅዳሴ የማይቀርባቸው ሰው እሑድ ጠዋት ባልዲ ይዘው ይወጡ ጀመር። ለእናቴ «ዕዳው ሳይመጣ ልዘጋጅ» ብለዋታል። እኔ ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ዓመት አለፈ።

በሁለተኛው ዓመት እኔም እዚያው ኪስታ ሥራ አገኘሁ። አንድ ቅዳሜ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ስገባ አባባ የጽዳት ጋሪያቸውን እየገፉ ከሊፍት ወጡ። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ሰው ፊት እንዳያሳፍሩኝ ብለው መሰለኝ፣ እንደማያውቁኝ «ሄይ» አሉና ጋሪውን ወደ ግድግዳው አስጠጉልን። እኔም «ሄይ» ብዬ አለፍኩ። አባቴን! ማታ ቤት ስንገናኝ ሁለታችንም አላነሣነውም።

ሰናይት ስትመረቅ ሌላ ውሸት ጨመርኩ፤ «ከዋስትናው ወጥተዋል፣ ደብዳቤ መጥቷል» አልኳቸው። «ተመስገን!» ብለው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ጉልበታቸው ያኔ አልቆ ነበር። ሳልነግራቸው ሞቱ።

ሰናይት ዛሬ ሥዕል ታስተምራለች፣ አልፎ አልፎም ትሸጣለች። ብድሯንም ሳይከብዳት ስትከፍል ኖራለች። የአባባን ሙት ዓመት ያወጣን ዕለት እናቴ ስለ ኪስታው ሥራ ምክንያት ነገረቻት። ሰናይት ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ዋስ የሚባል ነገር እኮ የለም! አባባ ስዊድንኛው አልገባቸው ብሎ ነው» አለችና አለቀሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ምነው አንተን እንኳ በጠየቁህ!» አለችኝ።

«ምነው በጠየቁኝ» አልኩ። አዎ፣ እንደዚያ አልኩ። አባቴን ከሞቱ በኋላ እንኳ ያላወቁ፣ ያልገባቸው ሰው አደረግኋቸው። እሷም በእኔ ምክንያት ነው ጉልበታቸው ያለቀው እያለች ትኖራለች፤ እኔም አብሬ እያጽናናኋት።

ትናንት ልጄ «አስልቼ ጨረስኩ፣ ሙዚቃውን ልገባ ነው» አለችኝ። ግቢ አልኳት። ከዚያ ቁጭ ብዬ ይህን ጻፍኩ። በአማርኛ የጻፍኩትም ወድጄ አይደለም። ሰናይት አማርኛ ትሰማለች እንጂ ማንበብ አትችልም፤ ድፍረቴ እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው።