የኔታ ሲመርቁ ያረፈች አውሮፕላን

ሥራ የጀመርሁ ዕለት አለቃዬ አቶ ደምሰው አንድ ረጅም የካርቶን ሳጥን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና፣ «ይርገዱ፣ አንቺ ሬዲዮ ትጠግኛለሽ አይደል? ይኸም በሬዲዮ ነው የሚሄደው አሉ። እስቲ ሞክሪው» አሉኝ። ሳጥኑን ከፈትሁት። ውስጡ የተበታተነች አውሮፕላን ነበረች። ከእኔ በፊት ሁለት ሰው ሞክሮ መልሶ ዘግቷታል።

ከዚያ በፊት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠግኛለሁ። የተቀጠርሁበት መሥሪያ ቤት የአፈርና የውሃ ጥበቃ ሥራ ይከታተላል። ገበሬው የሠራውን እርከን፣ ጎርፍ የቦረቦረውንም መሬት በእግር ዞሮ ማየት ሳምንት ይፈጃል፤ ከላይ እንየው ተብሎ ነው አውሮፕላኗ የመጣችው። እኔ ደግሞ እንኳን አውሮፕላን ላብርር ብስክሌትም ነድቼ አላውቅም።

ክንፏ ከፎም የተሠራ ነው፣ እጄን ዘርግቼ ከጫፍ እስከ ጫፍ የማልደርስበት። ሞተሯና ሞተሩ የሚያሽከረክረው ስለታም ፕሮፔለር ከኋላ ናቸው። አፍንጫዋ ላይ ትንሽ ካሜራ አለች፤ ካሜራዋ ያየችውን በሬዲዮ ትልካለች። እኔ ዓይኔን ግጥም አድርጎ የሚሸፍን መነጽር አጠልቅና ውስጡ ባለው ስክሪን አያለሁ። የተቀመጥሁት በርጩማ ላይ ነው፤ የማየው ግን ከሰማይ ሆኜ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ያዞረኝ ነበር።

የመጀመሪያዋ በረራ እስካሁን ስትነሳ ሰው ይስቅብኛል። ቀኝ ብላት ግራ ሄደች፣ ይበልጥ ቀኝ ብላት ይበልጥ ግራ ሄደችና የሰው ገብስ ውስጥ ተተከለች። ክንፏን የሚያዘው ገመድ ተገልብጦ ተሰክቶ ኖሯል። ሰክቼው የነበርሁት እኔው ነኝ። ባለ ገብሱ መጥተው አዩዋትና «ይች ናት እንግዲህ መሬታችንን የምታጠና?» አሉ። ይቅርታ ጠይቄ ለቀምኋት። ከዚያ ወዲህ በእጅ ተወርውራ ከመነሳቷ በፊት ከኋላዋ ቆሜ መሪውን አንድ ባንድ ሳልነካ፣ ክንፉ በትክክል ሲታዘዝም በዓይኔ ሳላይ አላስነሳኋትም።

ሌላውንም እንዲሁ እየወደቅሁ ተማርሁት። በእጄ የምይዘው መቆጣጠሪያ ቀድሞ ይበራል፣ አውሮፕላኗ ኋላ፤ ሲጠፋ በተቃራኒው ነው። ፕሮፔለር የሚገጠመው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ ሜዳ ላይ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የተገጠመ ፕሮፔለር ቢላዋ ማለት ነው። ባትሪው ተገፍቶ ተስቦ፣ በሁለት ጣት ከክንፉ ሥር ሲያነሷት ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳታዘነብል ቀጥ ብላ መቆም አለባት። ፕሮፔለሩ ሳይገጠም መቆጣጠሪያውን ድርግም አድርጌ አጥፍቼ፣ ሞተሩ በራሱ መቆሙን አያለሁ። ሬዲዮው ሰማይ ላይ ቢቋረጥ የሚሆነውን መሬት ላይ ማወቅ ይሻላል።

መመሪያው የማይናገረው ነገርም ነበር። የጻፉት ሰዎች ከባሕር አጠገብ የሚኖሩ ይመስለኛል። የእኛ አገር ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። መመሪያው እንዳለው ስንወረውራት ትሰምጣለች፤ ስታርፍ ትፈጥናለች፤ ዝቅ ብላ ሳለች ተነሺ ሲሏት ትዘገያለች። ፕሮፔለሩን ተለቅ ባለ ቀየርን፣ የማረፊያውንም ሜዳ አስረዘምን። መዘግየቷን ግን በምንም አላዳንነውም።

ጠዋት ጠዋት ባትሪው በብርድ ይለግማል። ጋቢዬ ውስጥ ሆዴ ላይ ለጥፌ አሞቀው ነበር። ባልደረባዬ ሙሉቀን ይህን ባየ ቁጥር «እትዬ፣ ልጅዎ ዛሬም አልነቃም?» ይለኛል።

ሙሉቀን የልማት ሠራተኛ ነበር። የሦስት ልጆች አባት፣ ዝምተኛ፣ ዓይኑ እንደ ጭልፊት የሆነ ሰው። ተመልካቼ እሱ ነው። አብራሪ መነጽር ካጠለቀ ዕውር ነው፤ ካሜራዋ ከምታየው በቀር አጠገቡ ያለውን በሬ አያይም። ስለዚህ ጎኑ ሌላ ሰው ሆኖ አውሮፕላኗንና ሜዳውን በዓይኑ ይጠብቃል። ከሙሉቀን ጋር ሦስት ቃል ብቻ ነበረን፦ «ሰው»፣ «ከብት»፣ «አሞራ»። «ሰው» ካለኝ ምንም ሳልጠይቅ ሞተር ጨምሬ ወደ ላይ እወጣለሁ።

የተፈረመበት ፈቃድ በእጄ ሳይኖር፣ ቀበሌውና ፖሊሱም ሳያውቁ አንድ ቀን አላበረርሁም። ያኔ የሰማይ ድምፅ እንደ ዛሬው ሰው አያስደነግጥም ነበር። እንዲያም ሆኖ መንደሩን ሰብስበን ምን እንደምንሠራ እንነግራለን። በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በአውድማ ላይ አናልፍም። በዚህ ዓይነት ከጉንደ ወይን እስከ ዲማ ብዙ እርከን አየን፤ አንድም ሰው አልጎዳንም። ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር ብል ውሸት አይደለም።

ነገሩ የሆነው በዲማ በኩል ነው። ዕለቱ በአቅራቢያው ባለችው በቁይ የገበያ ቀን ነበር። እናውቅ ነበር፤ ግን የገበያተኛው መንገድ ከማረፊያችን ይርቃል ብለን ሥራውን ጀመርን። ሰው ሲመለስ ሜዳውን አቋርጦ እንደሚሄድ አልጠየቅንም።

አጥንቼ ጨርሼ አውሮፕላኗን ወደ ማረፊያው አዙሬያት ነበር። መነጽር ውስጥ ነኝ። ከጀርባዬ የመቋሚያ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጥሎም «እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ» የሚል የሽማግሌ ድምፅ። የኔታ ነበሩ፤ እዚያው አካባቢ ድጓ የሚያስተምሩ፣ አገሩ ሁሉ የሚያከብራቸው መምህር። ጠዋት ለመንደሩ ስናስረዳ ከሁሉ በላይ የጠየቁን እሳቸው ናቸው።

ሙሉቀን ብድግ ሲል ሰማሁ። ባርኔጣውን እንዳወለቀና አንገቱን እንደሰበረ ሳላየው አውቃለሁ፤ እኔም ብሆን የማደርገው ይህንኑ ነው። እኔም በመነጽሬ ሆኜ ከበርጩማዬ ከፍ አልሁና «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን ዋሉ የኔታ» አልሁ።

«ወዴት አለች?»

«እያረፈች ነው የኔታ።»

«እንግዲያው ልመርቃችሁ። በሰላም ያሳርፍላችሁ።»

«አሜን» አልን ሁለታችንም።

«የዓይናችሁን ብርሃን ይጠብቅላችሁ።»

«አሜን።»

«እጃችሁን ይባርክላችሁ።»

«አሜን» ስል መነጽሬ ውስጥ ቢጫ ነገር ታየኝ። ጃንጥላ ነው። ሞተሩን እስከ መጨረሻው ጨመርሁ። ስሱ አየር ውስጥ እንደልማዷ ዘገየች። ስክሪኑ በሙሉ ቢጫ ሆነና ጠፋ፤ ወዲያው የሴት ጩኸት በካሜራ ሳይሆን በጆሮዬ ሰማሁ።

መነጽሬን ወርውሬ ሮጥሁ። አፍንጫዋ ጃንጥላውን ቀዶ፣ ተገልብጣ ስትወርድ ከኋላ ያለው ፕሮፔለር ሴትዮዋ ፊቷን የሸፈነችበትን ቀኝ እጅ አግኝቶታል። ወይዘሮ የሺወርቅ ትባላለች፤ ከገበያ ጥጥ ገዝታ እየተመለሰች ነበር። የቀለበት ጣቷና የመሃል ጣቷ ተሰንጥቀዋል። ባትሪውን ነቀልሁ፣ በነጠላዬ እጇን አሰርሁ፣ ከፍ አድርጋ እንድትይዘው አደረግሁ። አላለቀሰችም። «ጣቴ ይታጠፋል ወይ? ፈታይ ነኝ እኮ» ብቻ አለችኝ።

በመሥሪያ ቤቱ መኪና ወደ ደብረ ማርቆስ ወሰድናት። ሐኪሙ ጅማቱ መቆረጡን ነገረን። ሰፋውና «መታጠፉን ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው የምናየው» አለ።

ውጪ አግዳሚ ላይ ሙሉቀን ራሱን ይዞ ተቀምጧል። «ሳታያት ቀርተህ ነው?» አልሁት።

«አይቻታለሁ እትዬ» አለኝ። «ገና ከሩቁ አይቻታለሁ። የኔታ አልጨረሱም ነበር።»

ጮኽሁበት። በሐኪም ቤት ደጅ፣ በሰው ፊት፣ የማይባል ነገር ሁሉ አልሁት። ሲበርድልኝ ነው ነገሩ የገባኝ፤ የአውሮፕላኗ ኃላፊ እኔ ነኝ። «የኔታ፣ አንዴ ይታገሡኝ» ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። ሦስት ጊዜ አሜን ብያለሁ። እያሳረፍኋት ሳለሁ ምርቃት ማቋረጥ ነውር መስሎኝ የሰው እጅ ቆረጥሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ዕለት አፍሬ አላውቅም።

በማግስቱ አቶ ደምሰው ዘንድ ሪፖርት ይዤ ገባሁ። አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይርገዱ፣ ይህን ካቀረብሁ ሙሉቀን ከሥራ ይባረራል። ነፋስ ነው በይ። ነፋስ አይከሰስም።»

«ነፋስ አልነበረም አቶ ደምሰው።»

«ታዲያ የሦስት ልጆች አባት ላባርር?»

«መጀመሪያ እኔን ነው የሚያባርሩት። ስሜን ከላይ የጻፍሁት ለዚህ ነው። ነፋስ ነው ብንል ግን ነገ ሌላው አብራሪ ነፋስ ሲጠብቅ እሱንም እንዲሁ ሽማግሌ ይመርቀዋል።»

አቶ ደምሰው ብዕራቸውን አነሱ። ሪፖርቱን እንዳለ ፈረሙበት። አላባረሩንም፤ ግን ነገሩ እስኪጣራ አውሮፕላኗ ሳጥኗ ውስጥ ተቆለፈች፤ እኔም ወደ ሬዲዮ መጠገኛው ብየዳ ብረቴ ተመለስሁ።

ስድስቱ ሳምንት ሲሞላ ከሙሉቀን ጋር ወይዘሮ የሺወርቅን ጠየቅናት። ቤቷ ስንገባ የኔታ ቀድመውን ተቀምጠዋል። እሷ እጇን ከነጠላዋ አውጥታ አሳየችን። «ይኸኛው ይታጠፋል» አለች የመሃል ጣቷን አጥፋ። የቀለበት ጣቷን ለማጠፍ ከንፈሯን ነክሳ ሞከረች። «ይኸኛው እንቢ ብሏል።» እንዝርቱን አንስታ አዞረችው። ጣቷ እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ ከሌሎቹ ጎን ለጎን ይሄዳል፤ ክሩ ግን ወጣ። ቶሎ ቶሎ ይበጠስባታል፤ ትቀጥለዋለች። አልቻልሁም፣ አለቀስሁ።

የኔታ እስክጨርስ ጠበቁኝ። «ከዚያች ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም» አሉ። «ምነው ዝም በል ብትሉኝ?»

ሙሉቀን ደነገጠ። «እርስዎን? እንዴት ብለን የኔታ?»

«አፍ አውጥታችሁ ነዋ! እኔ ጉባኤ ላይ ተማሪ ሲስት መሃል ላይ አቋርጠዋለሁ። እስኪጨርስ ብጠብቀው ስሕተቱን ይዞት ይሄዳል። ምርቃቴ ይቆይላችሁ ነበር። የሷ እጅ አልቆየም።»

ወይዘሮ የሺወርቅ ሳቀች፤ «እጃችሁን ይባርክ ሲሉ አሜን ያላችሁት እናንተ ናችሁ፤ የኔ እጅ አሜን ባይ አልነበረውም» አለች። ለመሳቅ ድፍረቱን ያገኘነው ከሷ ነው።

ነገሩ ተጣርቶ የማብረር ፈቃዱ ሲመለስልን መጀመሪያ ያበረርነው እዚያው ዲማ በኩል ነው፤ በገበያ ቀን አይደለም። መንገዱን ሁሉ ጠይቀን በሜዳው በሁለቱም መግቢያ ሰው አቆምን። ልታርፍ ስትል ከኋላችን የመቋሚያ ድምፅ መጣ። ሙሉቀን አልተነሳም። ዓይኑን ከሜዳው ሳያነሳ «ይቁሙ የኔታ» አላቸው። የኔታ ቆሙ። አውሮፕላኗ ሣሩ ላይ ተንሸራታ እስክትቆም፣ እኔም ባትሪውን እስክነቅል ድረስ ቃል አልተነፈሱም። ከዚያ በኋላ መረቁን፤ ምርቃታቸው በጣም ረጅም ነበር።

አሁን አላበርርም፤ ሌሎችን አስተምራለሁ። ፕሮፔለሩን፣ ባትሪውን፣ ገመዱን ሁሉም ከመመሪያ ያገኘዋል። የመጀመሪያውን ትምህርት ግን ሰው ለሰው ነው የምናስተላልፈው፦ አብራሪ መነጽር ካጠለቀ ተመልካች ለማንም አይነሳም፣ ሰላምታ አይመልስም፣ አሜን አይልም። አብራሪውም እንዲሁ። እንግዳ ይቆማል፤ ጳጳስም ቢሆን ይቆማል። ይህ በየትኛውም መመሪያ ላይ የለም። የእኛ ሰዎች የተማሩት በወይዘሮ የሺወርቅ ጣት ነው።