የሸረፈዲን ትርፍ ሽቦ

ደሴ ሸዋ በር ላይ ሸረፈዲን ያልነካው ሬዲዮ የለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ የደከመ ሬዲዮ በመጣለት ቁጥር መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ አንቴናው ላይ ረጅም የመዳብ ሽቦ ይቀጥልና ጫፉን ከጣሪያው ቆርቆሮ ጋር ያስራል። ከዚያ በኋላማ ዓለም ሁሉ ይሰማል! «ተሳስቻለሁ» ሲል የሰማው ደንበኛ ግን የለም። ሬዲዮው እምቢ ካለ ጥፋቱ ወይ የባትሪው ነው፣ ወይ የጦሳ ተራራ ነው።

ልጁ ቢልቂስ ኮምቦልቻ ወርዳ ኤሌክትሪክ ተማረች። በ2005 ዓ.ም. ለመመረቂያዋ በሪሞት የሚበር ትንሽ አውሮፕላን ሠራች፤ ክንፉ ከቴሌቪዥን ካርቶን በወጣ ነጭ ፎም፣ ሪሞቱና መቀበያው ደግሞ ጅዳ ያለችው አክስቷ የላከችላት። ካልበረረ ምርቃት የለም። ብየዳ የሴት እጅ አይወድም እያሉ የሚያሾፉባት ስለነበሩ፣ እያንዳንዷን ሽቦ በገዛ እጇ በየደች።

የበረራው ዋዜማ ቤት ይዛው መጣች።

«ይሄም ሬዲዮ ነው እንዴ?» አለ ሸረፈዲን።

«ሬዲዮ ነው፣ አባ። ሪሞቱ ትእዛዙን በሴኮንድ ብዙ ጊዜ ይልካል፤ መቀበያው ሰምቶ ሞተሩንና ጅራቱን ያንቀሳቅሳል።»

«ሌላ ሰው ሞገዱ ላይ ቢገባበትስ?»

«እሱ ድሮ ቀረ። አሁን ሁለቱ አስቀድመው ይተዋወቃሉ፤ መቀበያው ከራሱ ሪሞት በቀር ማንንም አይሰማም። ደግሞ አንድ ሞገድ ላይ አይቆሙም፤ አብረው ካንዱ ወዳንዱ እየዘለሉ ነው የሚነጋገሩት።»

«ድምፁ ቢጠፋበትስ?»

«ሞተሩን አጥፍቶ ቀስ ብሎ እንዲወርድ አድርጌዋለሁ። ብቻ እንዳይነኩብኝ፣ አባ።»

«ምን በወጣኝ!»

ቢልቂስ ዙህር ልትሰግድ ገባች። የሸረፈዲን ዓይን መቀበያው ላይ ተተከለ። አንቴናዋ ሁለት አንጓ ጣት እንኳ አትሞላም! ይህችን ጉቶ ይዛ ልጄ ሰው ፊት ልትዋረድ? ያረቢ! ክንድ ሙሉ ሽቦ ጫፏ ላይ በየደና በክንፉ ሥር በፕላስተር ደበቀው። ማታ ቢልቂስ ጠረጴዛው ላይ ስትሞክረው አውሮፕላኑ እሺ ብሎ ታዘዘ። እናንተዬ፣ ሸረፈዲን እንዴት ደስ ብሎት እንዳደረ!

በማግስቱ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ተማሪው፣ መምህሩ እንየውና ግማሽ ሸዋ በር ተሰበሰበ። አውሮፕላኑ ተነሳ። «ማሻአላህ!» አለ ሸረፈዲን ከሁሉ በላይ ጮሆ። አውሮፕላኑ ግን ከሜዳው ጫፍ ሲደርስ ደነቆረ። ቢልቂስ ብታዞረው አይዞርም። ሞተሩ ጠፋ፤ እየተንሳፈፈ ወርዶ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

«አላልኳችሁም? ብየዳዋ ነው!» አለ አንዱ ተማሪ።

እንየው ውጤቷን ሊጽፍ እስክሪብቶውን አወጣ። ቢልቂስ ጣቶቿን አየች። «አዎ፣ የኔ እጅ ነው። የሆነ ቦታ አበላሽቻለሁ» አለች።

ሸረፈዲን ዝም ቢል የሚያውቅ የለም። ቢናገር ደግሞ ሠላሳ ዓመት ያመኑት ደንበኞቹ ከኋላው ቆመዋል። ልጁን አያት፤ እጇን ከቀሚሷ ሥር ደብቃዋለች። አልቻለም።

«እኔ ነኝ!» አለ። «ሽቦ ቀጠልኩበት። ተሳስቻለሁ። አፉ በይኝ፣ ልጄ።»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። «ምን ያርግ፣ ሰማይ ላይ ቆርቆሮ አጥቶ ነው!» አለ ደንበኛው አራጋው። እንየውም ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ አንድ ዕድል ፈቀደላት።

ቢልቂስ ፕላስተሩን ላጠች። «አባ፣ የርስዎ ሬዲዮ ሞገድ ሜዳ ያህላል፤ ረጅም ሽቦ ይወዳል። የዚህ ሞገድ ከስንዝር ያንሳል። አንቴናዋ በልኳ የተቆረጠች ናት፤ ስትረዝም ከሩቅ አትሰማም» አለችና ሽቦውን ከተቀጠለበት ላይ ቆረጠችው።

አሁን በረረ። የቦርከናን ወንዝ ተሻግሮ ዞረ፤ ተመልሶም እንየው እግር ሥር አረፈ። ያ ያሾፈ ተማሪ ራሱ አጨበጨበ።

በሚኒባስ ወደ ደሴ ሲመለሱ ሸረፈዲን ቁጣዋን እየጠበቀ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። የሐረጎን ዳገት እየወጡ ሳሉ ቢልቂስ ክንዱን ያዘችው።

«ባይናገሩ ኖሮ፣ አባ...»

«ትወድቂ ነበር፤ አውቃለሁ።»

«መውደቁስ ግድ የለም፣ ይደገማል። ዕድሜ ልኬን ይህን እጄን አላምነውም ነበር።»

ሸረፈዲን እጇን በሁለት እጁ ያዘና፣ ሚኒባስ ሙሉ ሰው እያየው አለቀሰ።