ቅጠሉን ሳትገለብጥ

ጋሼ፣ አርባዎ ደረሰ። ከጓሮው በር ላይ የሚቆጣን የለም።

ገጀራ ይዞ ሐይቁ ዳር፣ ቡሹሎ ወዳለው ጓሮዎ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው የእርስዎን ጩኸት ነበር። «ቅጠሉን ገልብጥ! የቢራቢሮ እንቁላል ካለበት እንዳትነካው!» በሐይቁ ዙሪያ ያለው ቁጥቋጦ ተመንጥሮ አልቆ፣ ለቢራቢሮዎቹ የቀረችው ያቺ የጓሮዎ ቁጥቋጦ ብቻ ናት ይሉ ነበር። ጎረቤት ይስቅ ነበር። እኔ የወንድምዎ ልጅ እንኳ አፍርብዎ ነበር።

ባረፉ ዕለት የእድር ሰዎች ድንኳን ሊተክሉ መጡ። ቦታው ጠበበና አንዱ ቁጥቋጦውን ሊመነጥር ገጀራውን አነሣ። እንባዬን ሳልጠርግ ሮጬ ፊቱ ቆምኩ።

«ቅጠሉን ሳትገለብጥ አትቆርጣትም!»



«አስከሬኑ ቤት ውስጥ ተኝቶ ስለ ቅጠል ታወሪያለሽ?» አለች አክስቴ።

«ሐዘን ነው፣ ተዋትና ቁረጥ» አለው ሌላው።

ባለገጀራው አየኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንድ ቅጠል ገለበጠ። ሌላም ገለበጠ። ቀና ሲል ገጀራውን አጥሩ ሥር አስቀመጠ።

ድንኳኑ ግማሹ ታጥፎ ተተከለ። ሊያለቅስልዎ የመጣው ሰው ግማሹ ፀሐይ ላይ ዋለ። እንቁላሎችዎ ግን ጥላ ውስጥ ነበሩ።