በሩ ላይ የሣልኩት ሰው

ጎጃም ውስጥ አብዛኛው ሰው ጥሎት የወጣ አንድ መንደር አለ። ባለፈው በጋ ከጓደኞቼ ጋር ሄደን በተዘጉት ቤቶች በር ላይ የባለቤቶቹን ፊት ሣልን። ወሬው ሲደርሳቸው ይመለሳሉ ብለን ነበር።

እኔ በሩ ላይ የሣልኩት ሰው ቤቱ እናቱ ግቢ ውስጥ ነው፤ እሳቸው ያኔ ጸበል ሄደው ነበር። መልኩን ከጎረቤት የሰርግ ፎቶ ወሰድኩ። ሰውዬው አዲስ አበባ፣ ጎጃም በረንዳ፣ በርበሬ መጋዘን ውስጥ ተሸካሚ ነው ሲሉኝ የበሩን ፎቶ በስልኬ ይዤለት ሄድኩ። ጆንያ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። የአገሩ ልጆች ከበውታል።

“እናቱ አርፈውበት ነው” አለኝ አንዱ። “ትናንት ከአገር ቤት የገባ ሹፌር ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን አይቷል።”

“ስንት ዓመት ሙሉ ሳልደውልላት” ይላል ሰውዬው። “በምን ፊቴ ነው የምገባው?”

ሥዕሉን ማሳየት ከበደኝ። እዚያ ለቀረው ጓደኛዬ ደወልኩ።

“መንደሩ ሞልቷል” አለኝ። “ከየከተማው ያልመጣ የለም።” ድምፁ ግን የደስታ አይደለም።

“እናትየው መቼ አረፉ?”

“ማን አረፉ አለህ? ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠዋል። ከጸበል ሲመለሱ በሩ ላይ የልጃቸውን ፊት አዩ። እዚህ የሰው ምስል እንዲህ ትልቅ ሆኖ የሚወጣው ለለቅሶ ነው። አልሞተም ብለን ብንምል ብንገዘት፣ መርዶ የደበቅናቸው መሰላቸው።”

ስልኩን ዘጋሁ።

“እናትህ ደህና ናቸው” አልኩት።

እንባውን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

“ታዲያ ለማን ነው የሚለቀሰው?”